ድምፅ ማጉያው ዝም ባለ ቁጥር

የልጄ ልጅ ራዲዮና ቴሌቪዥን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ሰሞኑን ልትጠይቀኝ መጥታ ጣቢያዎቹ ፈቃዳቸውን ማክበር አለማክበራቸውን እንዴት እንደሚከታተሉ ስታወራኝ ቆየችና፣ «ለመሆኑ በእናንተ ጊዜ ቁጥጥር ነበር እንዴ፣ እማማ?» አለችኝ።

«ነበር» አልኳት። «በወረታ ቁጥጥሩ እኔ ነበርኩ።»

ሳቀች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሥራዬ ስናገር የማይስቅ ሰው የለም። ራዲዮ ጠባቂ ነበርኩ ስል፣ ሌባ እንዳይወስደው ዱላ ይዤ በር ላይ የምቆም የሚመስለውም አለ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ጽሕፈቴ ግን ይነበባል።

ባለቤቴ የወረታ ማዘጋጃ ቤት ዘበኛ ነበር። የፎገራ ወባ በአንድ መኸር ወሰደውና ሁለት ልጆች ይዤ ቀረሁ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ግራዝማች አየለ የጽዳቱን ሥራ ሰጡኝ፤ ከጽዳቱ ጋር ከግቢው ጥግ ያለችውን አንዲት ክፍል። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ክፍሏ ግን ወለሏ ከፍ ያለ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ ነበር። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ሁሉ ውሃ ሲሆን፣ ልጆቼ ደረቅ መሬት ላይ የሚተኙት በዚያች ክፍል ነው። ሥራው ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች። ከዚህ በታች ይህን ፈራሁ፣ ያንን ፈራሁ ስል የምፈራው ሁልጊዜ ያንኑ ነው።

አንድ ዓመት ከጎንደር በጭነት መኪና ራዲዮ መጣ። ትልቅ ሣጥን፣ የድምፅ ማጉያ መሣሪያ፣ ማይክሮፎን፣ ሁለት የመኪና ባትሪ፣ ከባሕር ዛፍ ምሰሶ ጫፍ ላይ የሚሰቀል አፉ የሰፋ ቆርቆሮ። ገበያተኛው የመንግሥትን ወሬ እንዲሰማ ነው። ራዲዮውን የላከው የጎንደሩ መሥሪያ ቤት ቴክኒሻን አቶ ደምሴ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ፤ ዕቃውን ተክለው ሲያበቁ የሚይዘው ሰው እንዲመርጡ ታዘዋል። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊዎች ሁሉ ተሰልፈው ቁልፉን አሽከረከሩ። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ግድግዳ ተጠግቼ ቆምኩ።

«አንቺስ አትሞክሪም?» አሉኝ።

«እፈራለሁ፣ ጌታዬ።»

«ምኑን?»

«እሳቱን። መብረቁን። ቢበላሽ ደብሬ ነካችው መባሉን።»

አቶ ደምሴ ወደ ግራዝማች ዞር ብለው፣ «ሰው አግኝቻለሁ» አሉ። «ደፋር ሰው ለራዲዮ አይሆንም፤ ይነካካዋል።»

ለፈሪነቱ ተመርጦ ሥራ ያገኘ ሰው ከእኔ ሌላ አላውቅም።

አቶ ደምሴ ሲያስተምሩ ብዙ አይናገሩም፤ ያሳያሉ። ሣጥኑን ሊከፍቱ ሲሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገልብጠው መሬት ላይ ያስቀምጡና የሚፈቱትን ብሎን ሁሉ እዚያ ውስጥ ይጥላሉ። ራዲዮ ተከፍቶ ሳለ ባርኔጣ አያደርጉም፤ ማን ቢገባ ማን። አንድ ጊዜ ብቻ ቄስ ገብተው፣ አቶ ደምሴ መስቀል ሊሳለሙ ሲነሡ ረስተው ባርኔጣውን አንሥተው አደረጉት፤ ብሎኑ በመስቀሉ ላይ እንደ በረዶ ወረደ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ተንበርክከን ስንለቅም ዋልን።

ጣቢያ ሲፈልጉም እንዳገኙት አይቆሙም። አልፈውት ይሄዱና ሺ የሚለው ድምፅ ሲጀምር ይመለሳሉ፤ በዚያኛውም ወገን አልፈውት ይሄዳሉ። «መጀመሪያ ሁለቱን ዳር አግኚ» ይሉኝ ነበር። «ከዚያ መሃሉ ላይ ራሱ ይቀመጥልሻል።» ባትሪውን በአፍንጫቸው ያውቁታል። ሊደክም ሲል ሽታው ይለወጣል፤ ቃል አጥቼለት እንጂ ዛሬም ብሸተው አልስተውም። የሚጨመርበት ውሃ የምንጭ ውሃ መሆን የለበትምና፣ ዝናብ ሲጥል ነጩን ሣህን ግቢው መሃል አስቀምጬ እጠራቅም ነበር። የባትሪው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ሲወጣ በአመድ ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ግራሶ እቀባዋለሁ። መብረቅ ሲያስገመግም የአንቴናውን ሽቦ ነቅዬ ሣጥኑን በነጠላዬ እሸፍነዋለሁ። ነጠላው ምንም እንደማይረዳ አቶ ደምሴ ነግረውኛል። መሸፈኔን ግን አልተውኩም።

ደንቡ አጭር ነበር። በሰዓቱ ይከፈት፣ በሰዓቱ ይዘጋ። ከአገራችን ጣቢያ ሌላ በድምፅ ማጉያው አይሰማ። ስርጭት መሃል ላይ አይቋረጥ። ከዚህም ሌላ በየሱቁ ያለውን ራዲዮ ባለቤቱ ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ የውጭ አገር ጣቢያም ወደ ደጅ አለመለቀቁን እንድመለከት ታዝዣለሁ። በዚህ በኩል ዋናው ጭንቄ ሐጂ ሰይድ ነበሩ። ጨርቅና ስኳር ይሸጣሉ፤ ጥሩ ራዲዮ አላቸው፤ የዓረብኛ ጣቢያ ይወዳሉ።

«ሐጂ፣ ድምፁ ደጅ ወጥቷል» እላቸዋለሁ።

«እኔ አላስወጣሁትም፣ ደብሬ። በራሱ ወጣ።»

«እንግዲያ ይመልሱት።»

«ደጅ የሚባለው ከየት ጀምሮ ነው?»

ይህን ደንቡ አይናገርም። ስንከራከር ከርመን የጣራው ጠፈጠፍ የሚያርፍበት መሥመር ወሰን ይሁን ተባባልን። ከዚያ ወዲህ በየዕለቱ ጠፈጠፉ ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። ከተሰማኝ አንኳኳለሁ፤ ካልተሰማኝ አልፋለሁ። ክረምት ላይ ግን ዝናቡ የጣራውን ቆርቆሮ ሲመታ ለእሳቸውም ስለማይሰማቸው ድምፁን እስከ መጨረሻ ይለቁታል። ዝናቡ ድንገት ቀጥ ሲል ወረታ በሞላ ዓረብኛ ትሰማለች። «አሁንስ?» ስላቸው፣ «አሁንማ ጠፈጠፉም የለም» ይሉኛል። ለልጆቼ ከረሜላ ሊሰጡ ሲፈልጉ እከለክላለሁ፤ ጉቦ ይሆንብኛል ብዬ። ልጆቼ ይህን እስከ ዛሬ አልረሱልኝም።

ጭንቅ የመጣው በሐጂ በኩል አልነበረም። ከጊዜ በኋላ ራዲዮው ከቀትር በኋላ የሐዘን ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረ፤ እገሌ አረፉ፣ ቀብራቸው በዚህ ቦታ ነው እያለ። በአንድ የገበያ ቀን በርበሬ የምትሸጥ እናት የወንድሟን ስም ከቆርቆሮው ሰማች። በርበሬዋ ላይ ወደቀች። የሚያለቅሱት ከሐዘኑ ይሁን ከበርበሬው ሳይለይ ገበያው ሁሉ አነባ።

በማግስቱ መሪጌታ ይትባረክ ሽማግሌዎች አስከትለው ማዘጋጃ ቤት መጡ። የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ በከተማው መርዶ የሚነገረው እሳቸው ሲመሩ ነው። በእኛ አገር መርዶ ማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ጎኑ ቆሞ ነው የሚነገር።

«ግራዝማች፣ ይህን ቆርቆሮ መርዶ ነጋሪ አድርጎ የሾመው ማን ነው?» አሉ መሪጌታ። «በጠራራ ፀሐይ፣ ሆዷ ባዶ፣ የሚይዛት ሰው የለ። ለጠላት እንኳ እንዲህ አይነገርም።»

«ደንቡ አይቋረጥም ይላል፣ መሪጌታ።»

«ደንቡን ያወጣው ሰው ዘመድ የለውም?»

ግራዝማች ጣራውን ተመለከቱ፤ ከዚያ እኔን። «እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል» አሉ። «ከቀትር በኋላ ጆሮዬ አይሰማም። ተከፈተ ተዘጋ ብዬ አልመሰክርም።»

ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንባቢው «የሐዘን ማስታወቂያ» ሲል የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ ዝቅ አድርጌ ሣጥኑን ብቻ እሰማለሁ። የሟቹ ዘመድ ከእኛ ዘንድ ካለ ለመሪጌታ እነግራለሁ፤ እሳቸውም በማለዳው እንደ ወጉ ያደርሳሉ። ማስታወቂያው ሲያልቅ ድምፁን እመልሳለሁ። ቁልፉን የማወርደው መጀመሪያ መንገዱን አይቼ ነው፤ ጎንደር ቢሰማ የምሆነውን አውቃለሁና። አቶ ደምሴ ለጥገና ሲመጡ አይተው ባርኔጣቸውን እያሻሹ፣ «ዝምታውን እኮ ሰዉ ይሰማዋል፣ ደብሬ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ያወቅሁት ቀስ እያልኩ ነው።

ሰዉ ዝምታውን ማንበብ ተማረ። ቆርቆሮው ዝም ሲል ገበያው ይቆማል፤ ሻጭና ገዢ ይተያያሉ። ወንድሙ አዲስ አበባ ያለ፣ ልጁ ወታደር የሆነ ሁሉ በልቡ ይቆጥራል። ከዚያ ወደ እኔ ያያሉ። የባሰው ይኼ ነው። ፊቴ ሲፈጥረኝ ጀምሮ ጭንቅ ያለበት ነው፤ የልጄ ጉንፋንም፣ የባትሪው ሻጋታም፣ ደመና መዞሩም ፊቴ ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚታየው። ጨው ልገዛ ወጥቼ አንዲት ሴት ላይ ዓይኔ ካረፈ፣ «ንገሪኝ፣ እቴ ደብሬ፣ አትደብቂኝ» ትላለች። ጨው ነው ብላት አታምነኝም። ኋላ ኋላ መሬት መሬት እያየሁ መሄድ ጀመርኩ። እሱም አልጠቀመኝም። «ዓይናችንን ማየት አቃታት» ተባለ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

የወፍጮ ቤቱ ሞተር ተበላሽቶ ሰንብቶ ገና መሠራቱ ነበር። ባትሪዎቼን የሚሞላልኝ እሱ ስለሆነ አንደኛው እዚያው ቀርቶ፣ ሌላው በደንብ ሳይሞላ ተመለሰልኝ። ጠዋት አሸተትኩት፤ ሽታው አላማረኝም። ገበያውን ያውላል ብዬ ተውኩት። ከሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አፍንጫዬን ያላመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የቀትሩ ዜና እየተነበበ፣ ገበያው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ አንባቢው ቃሉን ሳይጨርስ ቆርቆሮው ዝም አለ።

ሁለተኛውን ባትሪ ላመጣ ወደ ወፍጮ ቤት ሮጥኩ። መሪጌታ ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዝምታውን ሰሙ፤ እኔን ስሮጥ አዩ። ደብሬ የምትሮጠው ነገሩ ቢከፋ ነው ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሉኝ። መሪጌታ ሲነሡ ያዩ ሁለት ሽማግሌዎችም ተነሥተው እሳቸውን ተከተሉ። ወዴት እንደምሮጥ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው የአቶ ፈንቴ ቤት ነው። አቶ ፈንቴ የሰንጋ ነጋዴ ነው፤ ሰንጋ ይዞ ጎንደር ሄዶ ከሚመለስበት ቀን ዘግይቷል። ሚስቱ ወይዘሮ አትጠገብ ደጃፏ ቆማ መንገድ መንገድ ታያለች። ቆርቆሮው ዝም ብሏል፤ እኔ እየሮጥኩ መጣሁ፤ ከኋላዬ መሪጌታና ሁለት ሽማግሌ። ሰላም ልላት ቀና ብዬ አየኋት።

ጩኸቷ እስከ ጠላ ቤቶቹ ድረስ ተሰማ።

«ባትሪ ነው!» አልኩ። «አትጠገብ፣ ባትሪ ነው!» ማን ይስማኝ። መሪጌታ ቁና ቁና እየተነፈሱ ደርሰው ስታለቅስ ቢያገኟት፣ አስቀድሞ ሌላ ሰው የነገራት መሰላቸውና፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሏት። በዚህ ነገሩ ተቆረጠ። ጎረቤት ነጠላውን ዘቅዝቆ መጣ። ወንበር ወጣ፣ ሣር ተጎዘጎዘ። እኔ ከዚህ እዚያ እየሮጥኩ ባትሪ ነው እላለሁ፤ ሴቶቹ «ደንግጣ ነው፣ ያዟት» ብለው አስቀመጡኝ።

በዚያው ሰዓት የጎንደር አውቶቡስ ደረሰ። አቶ ፈንቴ ደኅና ሆኖ ወረደ። ከእሱ ጋር አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ወረደ፤ አቶ ጌታነህ ይባላል፣ ከመሥሪያ ቤታችን ሳይነግረን የመጣ ተቆጣጣሪ ነው።

አቶ ፈንቴ ልቅሶ ከሠፈሩ ሰማ። ልቅሶ የሰማ ሰው ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ፣ ከሩቅ ጀምሮ እያለቀሰ መግባት ወጉ ነው። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዓይኑን በእሱው ጋርዶ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለ ገባና ሰው መሃል ተቀመጠ። ከዚያ የሆነውን እሱ ራሱ ሲያወራው ነው የሰማሁት። አጠገቡ የሚስቱ ወንድም ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ተቀምጧል።

«ማን ነው ያረፈው?» አለው ቀስ ብሎ።

«ፈንቴ ነው እንጂ።»

«የትኛው ፈንቴ?»

«የእኛው። ሰንጋ ነጋዴው።»

«ምን አግኝቶት?»

«እኔ እንጃ። በራዲዮ ተነገረ አሉ።»

አቶ ፈንቴ ይኼኔ ዙሪያውን ቢያይ የራሱ ቤት ነው። ሚስቱም አየችው፤ ወደቀች። መሪጌታ አማተቡ። አቶ ጌታነህ ደግሞ የልቅሶ ደጃፍ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ስለሆነ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ዳር ተቀምጦ ነበር። «በራዲዮ ተነገረ» የሚለውን ሰምቶ ተነሣ። «ማን ነው የወረታ ራዲዮ ጠባቂ?» አለ። ሁሉም ሰው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ማዘጋጃ ቤት ገባን። አቶ ጌታነህ ሁሉንም አንድ በአንድ እየጠየቀ የዝምታውን ታሪክ በሞላ አወጣው። ከወፍጮ ቤት በመጣው ሁለተኛ ባትሪ ራዲዮው ዳግም ተከፍቷል፤ ገበያው ገና አልተበተነም።

«ደንቡን ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ።»

«ስርጭት መሃል ማቋረጥ ከሥራ እንደሚያስወጣስ?»

«አውቃለሁ።» ክፍሌ በመስኮቱ ትታየኛለች። ልጄ ደጃፉ ላይ ሸሚዝ ታሰጣለች።

«እርስዎስ፣ ግራዝማች?»

«እኔ ከቀትር በኋላ አይሰማኝም» አሉ ግራዝማች።

አቶ ፈንቴ ከበሩ ገፍቶ ገባ። «ተበዳዩ እኔ ነኝ፤ ሟቹ» አለ። «እኔ ማንንም አልከሰስኩም። እንዲያውም ማን እንዳለቀሰልኝ አይቻለሁ። የሚስቴ ወንድም ጠብታ እንባ አልነበረውም።»

«ፊቴን ሸፍኜ ነበር» አለ የሚስቱ ወንድም ከደጅ።

«ለዚያ ነዋ የሸፈንከው።»

«ጸጥታ!» አለ አቶ ጌታነህ። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞሮ በትሕትና፣ «አባቴ፣ ወጉ ገብቶኛል» አለ። «ነገር ግን ይህን ሰው የገደለው ማስታወቂያው ነው ወይስ ዝምታው? ማስታወቂያው ስም ይጠራል፤ ለአንድ ቤት ነው። ዝምታው ግን ለሁሉም ቤት ይደርሳል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። ሰውየው እውነቱን ነው፤ ከሥራ ሊያስወጣኝ የመጣ ሰው እውነት መናገሩ ይበልጥ አስፈራኝ።

የሐዘን ማስታወቂያው ሰዓት ደረሰ። እጄ በልማዱ ወደ ቁልፉ ሄደ።

«አትንኪው» አለ አቶ ጌታነህ። «ደንቡ እንዳለ ይሰማ።»

እጄን ሰበሰብኩ። በመስኮቱ ገበያው ሲቆም አየሁ። ከቆርቆሮው የአንባቢው ድምፅ ሜዳው ላይ ወጣ፦ «ነዋሪነታቸው በደብረ ታቦር ከተማ የነበረው፣ የአቶ...»

አቶ ጌታነህ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ቁልፉን እስከ ታች አዞረው።

ቆርቆሮው ዝም አለ። እሱ ሣጥኑ ላይ ተደፍቶ ጆሮውን ለጠፈ። የሌላ ሰው ስም ተጠራ። ትከሻው ወረደ። «እናቴ ናቸው ብዬ» አለ ለማንም ሳይሆን። «ደብረ ታቦር ናቸው፤ ታመዋል። ሰንብተዋል።»

መሪጌታ ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። እጁ አሁንም ቁልፉ ላይ ነው። ቀና ሲል ግን ገበያው በሙሉ በመስኮቱ እሱን ያያል።

«ምን ይመለከቱኛል?» አለኝ።

«ማን እንደሞተ ከፊትዎ ሊያነቡ ነው፣ ጌታዬ።»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያ ወጥተው ይንገሯቸው።»

በረንዳው ላይ ወጣ። ከረባቱን አስተካክሎ፣ «ወገኖቼ፣ ከዚህ ከተማ ማንም አልሞተም» አለ።

ገበያው ሲያሰላስል ቆየ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ «ማንም ካልሞተ ከጎንደር ድረስ ሰው ለምን ተላከ?» አለችና ነጠላዋን መዘቅዘቅ ጀመረች። ሌሎችም ጀመሩ። መሪጌታ ወጥተው እየማሉ ባያስቆሟቸው ኖሮ ወረታ ያን ዕለት ያለ ሟች ታለቅስ ነበር።

አቶ ጌታነህ ተመልሶ ገብቶ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ።

«በዚህ ሰዓት ዝምታ የሚባል ከዛሬ ጀምሮ የለም» አለ። «የሐዘኑ ማስታወቂያ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ትይዣለሽ። ከብት የጠፋበት ሰው፣ ጥጃ ያገኘ ሰው፣ የወፍጮው ሞተር ተበላሸ ተሠራ፣ ያንን ትናገሪያለሽ። መርዶው እንደ ወጉ በመሪጌታ በኩል ይሁን። ለበላዮቼ የአካባቢ ማስታወቂያ ነው ብዬ አስረዳለሁ።»

«እኔ ነኝ የምናገረው?»

«ሌላ ማን አለ?» ቦርሳውን አነሣ። «ነገ ጠዋት ከሰዓቱ እንዳታሳልፊ። በሰዓቱ መክፈትሽንም እጠይቃለሁ።»

«ነገ ጠዋት» አለ። አላሰናበትኩሽም አላለኝም፤ እኔም ይበልጥ አልጠየቅሁም። ሰዉ ሁሉ ሲወጣ ሣጥኑን ዘግቼ፣ ሽቦውን ነቅዬ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ልጆቼ ደጃፉ ላይ ነበሩ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ «ለራት ምን ትፈልጋላችሁ?» አልኳቸው።

ይህን ጠይቄያቸው አላውቅም። ወንዱ ልጄ እህቱን አየ፤ ከዚያ ፊቴን ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«እማዬ» አለኝ፣ «ማን ሞተ?»